ሦስት ዓይነት ውኃ፦ አንድ ክረምት በብስክሌት ከቦሌ አራት ኪሎ

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ ድልድይ አካባቢ ተነሥቼ አራት ኪሎ ያለው መሥሪያ ቤቴ ደረስኩ። መንገዱን ሁሉ ሲያካፋ ነበር። የለበስኩት ወፍራም የላስቲክ ካፖርት ነው፤ ስፌቱ ከውስጥ የተለበጠ፣ ዚፑም በክዳን የተሸፈነ። አንዲት ጠብታ አላስገባም። ሳወልቀው ግን ሸሚዜ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፤ እጅጌውን ስጨምቀው ውኃ ጠብ አለ። ካፖርቱን ተቀብለው በሩ ላይ የሰቀሉልኝ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ሸሚዜን አይተው «ልጄ፣ ይኼ ነገር ቀዳዳ አለው እንዴ?» አሉኝ። «የለውም ጋሼ» አልኳቸው። ያራሰኝ ቀዳዳ ማጣቱ መሆኑ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን እስከ ጳጉሜ ድረስ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ብስክሌት፣ ሦስት የዝናብ ልብሶችን እያፈራረቅኩ ሞከርኩ። ይህን ታሪክ የምጽፈው የልብስ ምርጫ ለመንገር ብቻ አይደለም። በከተማችን የብስክሌት መንገድ ተሠርቶ ሳለ፣ ሰኔ ሲገባ አብዛኛው ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፤ ባለቤቱም ዣንጥላ ይዞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚርስ ሰው ብስክሌት ላይ ከሚርሰው በምን ይሻላል? ይህ ጥያቄ ከልቤ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ክረምቱን መጠቀም ካልቻልን ያ ሁሉ መንገድ ለበጋ ብቻ የተሠራ ይሆናል።

መንገዱና ሰማዩ

የእኔ መንገድ ከቦሌ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ ያልፍና በሂልተን ሆቴልና በታላቁ ቤተ መንግሥት በኩል አራት ኪሎ ይወጣል። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መስመር ስለተሠራ ከመኪና ጋር የምጋፋበት ቦታ ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በተወሰኑ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቀቁ፣ በዚህ ከተማ በሥራ ቀን ብስክሌት የምነዳ ሰው እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ልብስ ከመናገሬ በፊት ስለ ዳገት መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ በሰሜን በኩል እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራት፣ በደቡብ አቃቂ ላይ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ ይወጣል፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ ይወርዳል። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ።

ሰማዩም የራሱ ሰዓት አለው። በከተማዋ በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ከባዱ ዝናብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት በደመናው መሐል ብቅ የምትለው ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ደመናው ይቆለላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጎድጓዱ ይጀምራል። ጠዋት ካፊያ አለ፣ አንዳንዴም ጭጋግ ብቻ። ማታ ዶፍ አለ፣ አንዳንዴም ከበረዶ ጋር። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። የማላውቀው ነገር ቢኖር ዳገቱና ሰዓቱ ተገጣጥመው ሁለት የተለያዩ መንገዶች እንደሚፈጥሩ ነው። ጠዋት በቀላል ዝናብ ውስጥ ከባድ ሥራ እሠራለሁ፤ ማታ በከባድ ዝናብ ውስጥ ምንም ሳልሠራ እወርዳለሁ።

ፈተናውን ያደረግኩት በሶፍት ነው። ከመነሣቴ በፊት አራት ቦታ ላይ የታጠፈ ሶፍት አደርግ ነበር፦ ትከሻዬ ላይ ከሸሚዙ በላይ፣ ጀርባዬ ላይ ከሸሚዙ በታች፣ ደረት ኪሴ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ ከሱሪው ሥር። ስደርስ አወጣቸውና ጠረጴዛ ላይ እደረድራቸዋለሁ። ዝናብ ከላይ ከገባ የትከሻው ይርሳል። ላብ ከሆነ የትከሻው ደርቆ የጀርባው ይርሳል። የባልደረቦቼ ጥያቄ ቢበዛም ይህ ቀላል ዘዴ የምርት ማስታወቂያ ሊነግረኝ ያልቻለውን ነግሮኛል።

የላስቲኩ ካፖርት

ከመርካቶ የገዛሁት ካፖርት በሶፍቱ ሲፈተን ውጤቱ ወዲያው ታየ። የትከሻው ሶፍት ኩርምትምት ሳይል እንደታጠፈ መጣ። የጀርባው ግን ወደ ገንፎነት ተለውጦ በጣቴ ስነካው ተበጣጠሰ። ውኃው ከውስጥ ነው የመጣው።

ሰው ጠንክሮ ሲሠራ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ላይ ያለውን ዳገት የሚገፋ ሰው በዚያ መጠን ባያልበው እንኳ፣ የሚያልበው ነገር መውጫ ሲያጣ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ይጤዛል፤ ጤዛውም ተመልሶ ሸሚዝ ላይ ይወርዳል። ችግሩ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 እ.ኤ.አ. በሁለት ጨርቆች መካከል ጎማ ለብጦ ውኃ የማያስገባ ልብስ የመሥራት መብት ሲያስመዘግብ፣ ዝናቡን ድል ነሥቶት ነበር። ላቡ ግን አብሮ ተዘጋበት። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ እኔ አራት ኪሎ ላይ የለበስኩት ያንኑ ችግር ነው።

ለማታው ቁልቁለት ግን ይህን ካፖርት አላማውም። ስወርድ አያልበኝም፤ ስለዚህ የሚዘጋው ላብ የለም። ቅዝቃዜውንም ይከላከላል። ክብደቱና መንኳኳቱ ባይኖር ኖሮ ማታ ማታ እሱኑ እለብስ ነበር።

የሚተነፍሰው ጃኬት

ሁለተኛው ሙከራዬ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ያገኘሁት ጎርቴክስ የሚባለው ዓይነት ጃኬት ነው። የዚህ ጨርቅ ምስጢር በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቦብ ጎር ያገኘው ነገር ነው፤ ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ በፍጥነት ሲስበው በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተፈጠሩ። ቀዳዳዎቹ የውኃ ጠብታን አያሳልፉም፤ ተን ግን ያሳልፋሉ። ላቡ ተን ሆኖ ይወጣል፣ ዝናቡ ጠብታ እንደሆነ ይቀራል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አሳፈረኝ። ዝናቡ ገና ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ሳለሁ የጃኬቱን ላይኛ ጨርቅ አራሰው፤ ጠብታው መንከባለሉን ትቶ ወደ ጨርቁ ሰረገ። የውስጡ ስስ ሽፋን ውኃ አላስገባም፤ ነገር ግን ላዩ በውኃ ሲሸፈን ተኑ የሚወጣበት ጠፋ። ሶፍቱ እንደገና የጀርባው ብቻ ራሰ። ጃኬቱ ቀዳዳ ያለው ላስቲክ ሆኗል፤ ቀዳዳው ግን በውኃ ተከድኗል።

ምክንያቱን ያገኘሁት እጥበቱ ላይ ነው። እኔ በዱቄት ሳሙና አጥቤው ነበር። ሳሙናው በደንብ ካልተለቀለቀ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ የቀረው ሳሙና ደግሞ ውኃን ይስባል። በተጨማሪ በላይኛው ጨርቅ ላይ ያለው ውኃ ገፊ ቅብ በልብስ ዕድሜ ይሳሳል፤ መጠነኛ ሙቀት ሲያገኝ ግን የተረፈው ቅብ ያገግማል። ስለዚህ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ደግሜ አጠብኩት፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ አለቀለቅኩት፣ ካደረቅኩት በኋላ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጌ ለብ ባለ ካውያ ቀስ እያልኩ ተኮስኩት። ከዚያ በእፍኜ ውኃ ረጨሁበት። ጠብታው በኮባ ቅጠል ላይ እንዳለ ውኃ ክብ ሆኖ ተንከባለለና ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጄ አምስት ጊዜ ያህል ደጋግማ ረጨችበት።

ከዚህ በኋላ ጃኬቱ የማታው ልብሴ ሆነ። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሲወርድ በሴኮንድ ወደ 9 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል በሰዓት 30 ስወርድ፣ ዝናቡ ከላይ የሚመጣብኝን ያህል ከፊትም ይመጣብኛል፤ በ45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ደረቴንና ጭኔን ይገርፋል። ለዚህ የፊት ዝናብ የተዘጋ፣ ሰውነት ላይ የተጣበቀ፣ አንገቱ ከፍ ያለ ልብስ ያስፈልጋል። ጠዋት ግን በዳገቱ ላይ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አላልፍም። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ትከሻዬ ላይ ነው የሚወርደው፤ ደረቴ ደረቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ደረቴን ለምን እዘጋዋለሁ?

ጃኬቱ ጠዋት ከላስቲኩ ተሽሎ ነበር፤ በቂ ግን አልነበረም። ተን በጨርቁ የሚያልፈው ውስጡ ከውጭው ይልቅ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። በሐምሌ ጠዋት የውጭው አየር ራሱ በእርጥበት የተሞላ ነው፤ መውጫው ይጠብባል፣ ላቡ ደግሞ አይጠብቅም።

ገሳ

ጥያቄዬን የፈቱት እኒያ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቀን ሶፍቶቼን ስደረድር አጠገቤ ቆመው አዩና፣

«ልጄ፣ ገሳ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር። ከሣር የተጎነጎነ፣ ከአናት እስከ ባት የሚወርድ፣ እረኛ የሚለብሰው የዝናብ ልብስ መሆኑን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ዝናቡ የሣሩን ዘንግ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊቱ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይገባል። «ቀኑን ሙሉ በጎች ስታሯሯጥ ትውላለህ። ዳገት ትወጣለህ። ያን የላስቲክ ነገርህን ብለብስ ኖሮ በላብ እሞት ነበር» አሉኝ። ከዚያም መዳፋቸውን ዘርግተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና «ይኼን መክደን ነው እንጂ፣ ሰውየውን ማሸግ ምን ይረባል?» አሉ።

በማግሥቱ ሾላ ገበያ አጠገብ በሲንጀር መኪና የሚሰፉ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። የዣንጥላ ዓይነት ቢጫ ጨርቅ አራት ሜትር ይዤ ነበር። የምፈልገው ፖንቾ የሚሉት ዓይነት ክፍት ካባ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ከኋላ ኮርቻውን የሚያለብስ፣ ከፊት መሪውን የሚሸፍን፣ ከሥር ክፍት የሆነ።

«መስፋቱስ ቀላል ነው» አሉኝ፣ «መርፌው የበሳውን ግን ምን ልታደርገው ነው?»

«እርስዎ ምን ይላሉ እትዬ?»

መልስ ሳይሰጡ ከመሳቢያቸው ጧፍ አወጡ። ስፌቱን ሁለት ጊዜ አጥፈው ከሰፉ በኋላ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ወጥረው ጧፉን በስፌቱ መስመር ላይ ጫን እያደረጉ ሳቡት። የጧፉ ሰም ክሩ ውስጥ እየገባ ቢጫው ስፌት ጠቆር አለ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር መስመሩን ደጋግመው አሹት፤ በፍትጊያው ሙቀት ሰሙ ለስልሶ የመርፌውን ቀዳዳ ሞላው። የሰሙ ሽታ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ አስመሰለኝ። ካባው ላይ እስካሁን ያ ሽታ አለ።

ሁለት የአውራ ጣት ማስገቢያ ማንጠልጠያዎች ከፊት እንዲሰፉልኝ ጠየቅኩ፤ እነሱን አውራ ጣቴ ላይ አጥልቄ መሪውን ስይዝ ካባው እንደ ድንኳን ይወጠራል። ከውስጥ ደግሞ ከኋላ በኩል በወገቤ የማስረው ክር አለው።

በመጀመሪያው የካባ ጠዋት ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ ዘነበ። ስደርስ አራቱንም ሶፍቶች አወጣሁ። የትከሻው ደረቅ፣ የደረቱ ደረቅ፣ የጉልበቱ ዳር ዳሩ የረጠበ፣ የጀርባው ደግሞ ወዝ ያለው እንጂ ያልራሰ ነበር። ሮጬ ወጥቼ ለጋሼ አሳየኋቸው። አንዱን ሶፍት ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አደረጉትና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ካባው የራሱ አደጋ እንዳለው ግን በዚያው ሳምንት አየሁ። ማታ ለብሼው ስወርድ መስቀል አደባባይ ላይ ነፋስ ከጎን መታኝ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም። ካባው ተነፍቶ እንደ ሸራ ወሰደኝ፤ አንዱ ማንጠልጠያ ከጣቴ ወለቀና የፊቱ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተጠቀለለ። ለአንድ አፍታ ምንም አላየሁም። መንገዱ ባዶ ስለነበረ ተረፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካባ ለዳገት፣ ጃኬት ለቁልቁለት ብዬ ቆረጥኩ፤ ይህን ደንብ አንድም ቀን አላፈረስኩትም። ነጎድጓድ ሲኖር ደግሞ ምንም ብለብስ አልነሣም፤ እስኪያልፍ ቢሮ እቆያለሁ።

ከሥር የሚመጣው ውኃ

የልብስ ነገር ሲያልቅ ሦስተኛው ውኃ ቀረ። ከላይ የሚወርደው ንጹሕ ነው፤ ከራሴ የሚወጣውም የራሴ ነው። ከጎማው የሚረጨው ግን የአስፋልት ዘይት፣ ጭቃና የፍሳሽ ቆሻሻ የያዘ ነው። የእኔ ብስክሌት ያለ ፓራፋንጎ ነበር የተሸጠልኝ። የኋላው ጎማ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ጥቁር መስመር ያሰምርብኛል፤ የፊተኛው ጫማዬን ይሞላዋል። ሰው የዝናብ ልብስ ከመግዛቱ በፊት ፓራፋንጎ ማስገጠም አለበት ብዬ አምናለሁ። እኔ ያረጀ ቢጫ ጄሪካን በመቀስ ቆርጬ፣ በሽቦ አስሬ ሠራሁ። የፊተኛው ወደ መሬት ረዘም እንዲል ማድረግ ይጠቅማል፤ እግርን የሚያርሰው ከጎማው ሥር የሚነሣው ነውና።

ለእግሬ ብዙ ነገር ሞከርኩ። ፌስታል በካልሲ ላይ አጥልቆ ጫማ ማድረግ ለአንድ ቀን ይሠራል፤ እግር ግን ያልበዋል። በመጨረሻ የረዳኝ የገጠሩ ኮንጎ ጫማ ነው። ያለ ካልሲ አደርገዋለሁ፣ ውኃው ገብቶ ይወጣል፣ ስደርስ እግሬን ጠርጌ በፌስታል የያዝኩትን ደረቅ ካልሲና ጫማ አደርጋለሁ።

ፍሬኑን በተመለከተ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ቸርኬውን በጎማ ንጣፍ የሚይዝ ፍሬን በዝናብ ጊዜ ወዲያው አይዝም። ንጣፉ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበት፤ ከዚያ ነው ብረቱን የሚያገኘው። ቸርኬው ከአሉሚኒየም ሳይሆን ከሚያብለጨልጭ ብረት ከተሠራ ደግሞ የባሰ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ እይዝና ቸርኬው እንዲደርቅ አደርጋለሁ። የቀለም መስመርና የጉድጓድ ክዳን ላይ ፍሬን አልይዝም፣ አልታጠፍምም። ውኃ በተኛበት ቦታ ደግሞ ከሥሩ ምን እንዳለ ስለማይታይ ወርጄ እገፋለሁ። አንድ ቀን ውኃ የሸፈነውን ቦታ በእግሬ ስፈትሽ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አግኝቻለሁ። ከዳር የወደቀ ቅርንጫፍ ጎትቼ ምልክት ተከልኩበትና ሄድኩ።

ስለ ሻንጣ ብዙ አልልም። ሥራዬ እርማት ነው፤ የታተመ ወረቀት ተሸክሜ እመላለሳለሁ። የሻንጣ ጨርቅ ውኃ አይገባውም የሚባለውን ማመን ትቼ ወረቀቱን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ አፉን አጥፌ፣ በላስቲክ አስሬ ነው የምይዘው። አንድ ገጽ አልራሰብኝም።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል፤ በ2017 ግን ከቡሄም በኋላ ብርቱ ዝናብ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ከሂሳብ ክፍል አንዲት ባልደረባዬ ካባዬን ተውሳ ግቢው ውስጥ ሁለት ዙር ነዳችበት፤ በሳምንቱም ሾላ ሄዳ የራሷን አሰፋች። ሰፊዋ እናት ለእሷ ከቀሚስ ጋር እንዲሄድ ዳሩን አጥረው ከውስጥ ሦስት ቁልፍ ጨምረውላታል። የእኔንም በዚያው መልክ እንዲያስተካክሉልኝ ወስጄ ሰጠኋቸው።

ጳጉሜ 3 ሰኞ ዋለ። የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር በግቢው ፊት ያሉ ሕፃናት እየጮኹ ወጡ፤ ጋሼም ቆባቸውን አውልቀው ደጅ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ነጎድጓድ አልነበረም። ጃኬቱን ከሻንጣው ሳላወጣ፣ ካባውን በወረቀቶቼ ላይ ጠቅልዬ ከኋላ አሰርኩትና፣ በሸሚዜ ብቻ ቀስ እያልኩ ወደ ቦሌ ወረድኩ።